የሐኪም ጽሑፍ

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ጋሽ ሽመክት ጣቴን በማስመሪያ መቱት፤
«ጽሑፍ ነው ይሄ? ወይስ ዶሮ ጭራ የሄደችበት መሬት?»
ዘመን አልፎ፣ ድሬዳዋ፣ ብሎክ ዘጠኝ፣ ፎቅ ሁለት፣
የዶሮ ጭረቴ ገዢ ወጣለት።

ኤርሱሞ ነው ያገኘው። ደብተሬን ገልጦ ሳቀ፤
«አንተ! ይኼ የሐኪም እጅ ነው፤ ማን አነበበ? ማን አወቀ?»
ወረቀት አመጣ፣ ማኅተም አመጣ፤ ከየት ብዬ አልጠየቅኩም፤
ፊርማው ላይ ስደርስ ስም ጠፋኝ፤ ብዙም አልተጨነቅኩም፤
«ዶክተር ሽመክት» ብዬ ሞነጫጨርኩ።
በዚያች ማስመሪያ ፈንታ ሐኪም አድርጌ ሾምኳቸው።

መጀመሪያ ለንባብ ነበር፤ ማን ክፉ አሰበ?
በጫት ዓይኑን ገልጦ የብረትና የሲሚንቶ ስሌት እስኪነጋ አነበበ፤
ሲነጋ ግን እንቅልፍ በሩን ቆለፈበት፤
ልቡ፣ ሰው እንደሚጠብቅ ባጃጅ፣ ቆሞ ይንደቀደቅበት።
ለጨብሲ ቢራው ተወደደ፣ ክኒኑ ረከሰ፤
አንድ ፍሬ፤ ከዚያ ሁለት፤ ከዚያ ቆጠራው ፈረሰ።

«ትራማዶል» ሲል የእኅቱን ስም የሚጠራ ይመስል ነበር።
እናቱ ሲደውሉ በሃዲይኛ ያወራል፤
ከመሃል «ላይብረሪ» የምትል ቃል ብቻ ትገባኛለች።

ከዚራ፣ ዛፎቹ ተቃቅፈው አስፋልቱን በሚያጠሉበት፣
ወይዘሮ ፈትሂያ መነጽራቸውን ወደ ሻሻቸው ሰቅለው
ወረቀቴን ወደ ብርሃን ያነሡታል።
«ይሄ ዶክተር» ይላሉ፣ «በሽተኛ አይጠፋበትም።»
ከዚያ ዝም። ከዚያ የመሳቢያው ድምፅ።
ያወቁ ይመስለኛል። ሁላችንም ያወቅን ይመስለኛል።

ስንመለስ ደቻቱን በእግራችን እናቋርጣለን፤
አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ያባርሩበታል፤ እኛም ጫማ አውልቀን እንስቃለን።
የድሬ ሰው ግን ያውቃል፦ ደቻቱ የድሬን ሰማይ አያማክርም፤
እዚህ ኮከብ ሞልቶ፣ ደንገጎ ላይ ዘንቦ፣ ሌሊት ሲወርድ አይናገርም፤
ድምፁን ከሰማህ፣ ሰምተሃል። ሌላ አይጨምርም።

ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
ሙቀቱ እንኳ የደከመበት፣
የአልጋው ብረት ሲንቀጠቀጥ ባቡር መስሎኝ ነቃሁ።
የቱ ባቡር? አሮጌው ጣቢያ ዝም ካለ ስንት ዓመቱ!
ወደ ታች ሳይ፦ ጥርሱ ገጥሞ፣ ዓይኑ ነጭ ሆኖ፣ አረፋ በከንፈሩ፣
ከራስጌው ግማሽ ሃይላንድ ውኃ፣ የተገለጠ ደብተሩ።

በባጃጅ፣ ተደራርበን፣ ድል ጮራ።
ነርሷ ቅጽ ሰጠችኝ፦ ስም ከነአባት፣ ዕድሜ፣ የወሰደው መድኃኒት።
«ግልጽ አድርገህ ጻፍ» አለችኝ፣ «እንደ ሐኪም አትጫጭርብኝ።»
ኤርሱሞ ላምቤቦ፣ ብዬ ፊደል በፊደል ለቀምኩ።
ሃያ ሁለት።
ሦስተኛው መስመር ላይ ቆምኩ።
ከዚያ ጻፍኩት። እንዲያ ያማረ ጽፌ አላውቅም፤
ጋሽ ሽመክት አሥር ከአሥር ይሰጡኝ ነበር።

እናቱ ከሆሳዕና ሁለት ቀን በአውቶቡስ መጡ።
ልጃቸው ነቅቷል፤ ስማቸውን ግን ሁለቴ ተሳሳተ።
አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ «አንተ ነህ» አሉኝ፣ «አንተ ነህ ያተረፍከው»፣
ቀኝ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት።
ይቺን እጅ።
አልነገርኳቸውም።

የታችኛው አልጋ ፍራሹ ተጠቅልሏል።
ትናንት ማታ በሩ ተንኳኳ፤
አንድ አዲስ ገቢ፣ ገና ጢም ያላወጣ፣ ዓይኑ ግን እንቅልፍ የራበው፦
«ጽሑፉ የሐኪም ይመስላል ያሉኝ... አንተ ነህ?»
ወረቀቱን እንደ ደብዳቤ አራት አጥፎ ይዞታል።
እስክሪብቶው ጆሮዬ ላይ ነበር።