ስድሳ አንድ ሲካፈል ለሁለት

ደብዳቤው የመጣው በነሐሴ ነበር፣
ሙቀቱ የቂርያት መላኺን አስፋልት ሲያቀልጥ፣
በክለባችን ቢሮ ማራገቢያው ሲያቃስት፣ ሲንቀጠቀጥ።
ሳሶን አሠልጣኙ በዕብራይስጥ አነበበው፣
እኔ የነጥብ ጸሐፊው በሆዴ መለስኩት ባማርኛ፤
«እሺ» አልን፣ ፈረምን። በነሐሴ ማን ሒሳብ ይዞ ይተኛ?

«ከሠላሳ ሳምንት በኋላ ሊጉ ለሁለት ይከፈላል፤
የሁሉም ነጥብ በግማሽ ይቀነሳል፤
ጎዶሎው ወደ ላይ ይሞላል፤
አንደኛ የወጣም ቢሆን ሚብሐን ይጠብቀዋል።»
ሚብሐን ማለት ፈተና ነው፤ ከላይ ሊወርድ ካለው ጋር
አንድ ቀን፣ አንድ ግጥሚያ፣ በሰው ሜዳ፣ በሰው አጥር።

ሚያዝያ ላይ ስድሳ አንድ ነበርን።
ደብተሬን ብታዩት፦ ዝናብ ያጨማደደው ገጽ፣
ኤልያብ በጣቱ ጫፍ ያወጣት ቅጣት ምት፣
ዮታም በዘጠና አራተኛው ደቂቃ በተረከዙ የሰረቃት፤
ከኋላችን ያሉት ኀምሳ አራት።
ሰባት ነጥብ ማለት፣ ሰው እፎይ ብሎ የሚተኛበት ርቀት።

በነጋታው፣ ሠላሳ አንድ እና ሃያ ሰባት።

ግማሿን መረቁልን፣ እንደ ገበያ ሴት
ሽንኩርቱን መዝና መዝና አንድ ራስ እንደምትጥል ከላይ፤
ሠላሳ ወስደው ግማሽ መረቁን፣ ምስጋናም ይሻሉ ወይ?

በዚህ አገር ቋንቋ ወደ ላይኛው ሊግ ማለፍ «ዓሊያ» ይባላል፤
አባቴ ቃሉን ከሬዲዮ ሲሰማ ዛሬም ቀና ይላል።
«ማን ወጣ?» ይለኛል፣ «ከጎንደር ነው? ስንት ሰው?»
«ቡድን ነው አባባ፣ ኳስ ነው።»
«እነሱንም ያስጠብቋቸዋል?»
«ያስጠብቋቸዋል።»
ዝም ይላል። እሱ ያውቀዋል፣
ስም ከዝርዝር ዝርዝር ሲዘል፣ ደንብ በመንገድ ሲቀየር፣
ወንድሙ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎንደር ላይ በሚብሐን ሲኖር።

ፈተናውን አንድ ለዜሮ ወደቅን።
ኳሷ ከጀጃው ጉልበት ነጥራ፣ እንዲያው ያለ ክፋት፣
ዘጠኝ ወር የቋጠርነውን በሦስት ሰከንድ ፈታችው፣ ገባች ከመረቡ ቤት።
አውቶቡሱ ውስጥ ማንም ማንንም አልሰደበም፤
ጀጃው እስከ ቤቱ ደጅ ድረስ ጫማውን አላወለቀም።

እኔ ግን የዚያን ሌሊት ማስመሪያ አወጣሁ፤
ካሬ ደብተር፣ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሊጉን እንደ አዲስ ሠራሁ።
አንደኛ የወጣ በቀጥታ ይለፍ፣ ያገኘው ነጥብ አይነካ፤
ከሁለት እስከ አምስት ይጋጠሙ፣ ሜዳውም በዓመት ላብ ይለካ፤
ጨዋታው ዐርብ ቀትር ይሁን፣ ሰንበት ሳይገባ፣
ግራ ክንፋችን በቄስ አያቱ ደጅ ማልያውን ደብቆ እንዳይገባ።
አራት ገጽ ሆነ። መሰላሉ ቀጥ አለ።

ጠጂቱ ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ፣
የማሸጊያ ፋብሪካው ሽታ ገና ሻርፗ ላይ እንዳለ፣
ቆማ አነበበችው። ጣቷን አሳረፈች ከታች፣ ባዶው መስመር ላይ፤
«እዚህስ ማን ነው ያለው? ማንም አይወርድም ወይ?»

አልጻፍኩትም ነበር።
ዐሥራ ስድስቱ ዐሥራ ስምንት፣ ዐሥራ ስምንቱ ሃያ እየሆነ፣
ሁሉም ሲወጣ አየሁ እንጂ፣ ለመውረዱ እጄ ጨከነ?
ማንን ላውርድ? ያንን ባለ አሮጌ ጥላ ፎቅ?
ወይስ በረኛው ፖስታ የሚያድለውን፣
ዘንድሮ ስድስቴ ብቻ ያሸነፈውን የበረሃውን ቡድን?

«ያልጻፍከውን መስመር» አለች፣ ሻርፗን ወንበር ላይ ጥላ፣
«ያንተን ስም አግብቶ ይጽፈዋል ሌላ።»
ተኛች።

ብርቱካን የጫነ መኪና በመስኮቱ ሥር አለፈ።
በእርሳስ፣ በእርሳስ ብቻ፣ የኛን ቡድን ስም ጻፍኩ ከታች።
ከዚያች መስመር ላይ ቁጭ ብዬ ወደ ላይ አንጋጠጥኩ፣
የገዛ ደንቤን ከመጀመሪያው አንቀጽ እንደ ባዕድ አነበብኩ።
ሁለቱን ሰረዝኩ።
ሦስተኛው ላይ እያለሁ ነጋ።