ብርጭቆ ወረቀት

ኮዬ ፈጬ ዳር፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
በብየዳ ቤትና በሲሚንቶ መደብር መካከል ተጣብቃ
አንዲት ክፍል አለች፤ መስኮቷ፣ መደርደሪያዋ፣ ሁሉ ነገሯ ዝቅ ያለ፤
ጎልማሳ ገብቶባት ጎንበስ ካላለ
ምኗንም አያያት።

ጫማ በር ላይ ይቀራል፤ ጩኸትም እንደ ጫማ።
ወንበር በሁለት እጅ ይነሳል፣ ኮቴው እንዳይሰማ።
የዝምታን ጨዋታ ስንጫወት፣ ዓይን ጨፍነን ስናዳምጥ፣
"ምን ሰማችሁ?" እላለሁ። "ብረት ሲቆረጥ።"
"እኔ ዝንብ።"
"አይደለም እሱ፣ ንብ።"
"እኔ ሆዴን" ትላለች ሐያት፤
ያኔ ዝምታው ይፈርሳል በሳቅ ብዛት።

ውሃ ወደኛ ማክሰኞና ዓርብ ካልሆነ አይመጣ፤
በቀረው ቀን ምስር ነው፣ ከጆግ ጆግ የሚገባ የሚወጣ።
የፈሰሰ ይለቀማል፣ አንድ በአንድ።
ሚልኪያስ አንዷን ጆሮው ከትቷት፣ አዝዬው ጤና ጣቢያ ስሄድ፣
መንገዱን ሙሉ ይጠይቀኛል፦
"ቲቸር፣ እዚያ ውስጥ ይበቅላል?"

ሮዙን ግንብ የሠራልን ጋሽ ደምሰው ነው፣ የመስኮት አናጢው፣
ከሰው ቤት ክፈፍ ከተረፈው።
አሥር ኩብ ነበረ። አሥረኛዋ፣ ጥፍር የምታህለው፣
ከጥቅምት ወዲህ የለችም።
ምንጣፍ ገለበጥን፣ ቁም ሣጥን ገፋን፤ የለችም።
ግንባችን ጫፍ አጥቶ ቀረ፣
እንደዚያ ማዶ ሕንፃ፣ ብረቱ ወደ ሰማይ እንደተገተረ።

ፊደሎቹንም የቆረጠልን እሱ ነው፤
በር ከሚያለሰልስበት፣ ብርጭቆ ወረቀት ከሚሉት ሸካራ፤
ኮምፔንሳቶ ላይ ለጥፎ አመጣቸው፣ ዋጋ እንኳ ሳይጠራ።
በሁለት ጣት ይዳሰሳሉ፣ ቀስ ተብሎ፤
አፍ ይመጣል ኋላ፣ ጣትን ተከትሎ።

ሶሬቲ ሦስት ወር አልተናገረችም።
ምንጣፏን ትጠቀልላለች፤ ምስር አታፈስም፤
ስፖንጇን ጨምቃ ጠረጴዛ ታጥባለች፤ ታጥቦ የነበረውንም።
አባቷ እዚያ ማዶ፣ ጫፉ ባላለቀው ሕንፃ፣ ሲሚንቶ ያቦካል።
መሬቱ ጤፍ ይዘራበት የነበረ የራሱ ማሳ ነው ይባላል።
ሰው ነው የሚለው። እሱ አይልም።

ሰኞ ጠዋት፣ ሸ።
"ሰ ባርኔጣ ሲያደርግ ምን ይሆናል?" አልኳቸው።
"ሸ!"
"በሸ የሚጀምር?" "ሸረሪት!" "ሸሚዝ!"
"ሸንኮራ" አለ ሚልኪያስ፣ ምራቁን ውጦ።
ሶሬቲ ጣቷን ከፊደሉ አላነሳችም።
ሄደችበት። ተመለሰችበት። ደግማ ሄደችበት።
"አባባ" አለች።

ሦስት ወር የጠበቅኩት ድምፅ! እኔ ግን አስተማሪ ነኝና
ስሕተቱ ቀድሞ ታየኝ፤ "አባባ የሚጀምረው በአ..." ልላት አፌን ስከፍት፣ ጣቴን ያዘችና
ሸካራው ላይ አሳረፈችው።
"እጁ" አለች።

ማታ ሊወስዳት መጣ። ጫማው ጭቃ ነው፣ ደፉን አላለፈም።
"ከኪሷ አገኘናት፤ ልጄ የሰው አትነካም፣
ምን እንደሆነች እንጃ፣ ግን የናንተ ትመስላለች" ብሎ መዳፉን ዘረጋ፤
ኩቧ እዚያ መሃል ተቀምጣለች፣ ሮዝ ሆና፣ በደረቀ ሲሚንቶ አልጋ።
ተቀበልኩት። ስጨብጠው፣ ጣቴ በዚያ ሁሉ ስንጥቅ መሃል ሲሄድ፣
"ሸ" አልኩ፣ ድምፅ ሳይወጣኝ፣ በሆዴ።

ሲሄዱ አየኋቸው፤ ባጃጁ ሞልቶ ነበር፣ በእግር ነው፤
እሷ ታወራለች፣ ቋንቋው የእነሱው ነው፣
አንዱን ቃል ግን ከርቀት ለየሁት።

ኩቧን ግንቡ ጫፍ ላይ ላድርጋት እጄን አነሳሁ፤ መለስኩት።
የኔ ሥራ አይደለም።
መደርደሪያው ጠርዝ ላይ፣ እጇ በሚደርስበት ተውኳት፤
መብራት አጠፋሁ፣ ቁልፉን አዞርኩት።