አካፋይ

ደብረ ብርሃን ላይ ጥር ነው፤ ውርጭ ነው፤
የቤተ ሙከራው ቧንቧ ዛሬም ደርቆ ነው ያደረው።
ከበሬሳ ወንዝ በቢጫ ጀሪካን ውሃ ቀዳሁ፣
ደለሉን በሻሽ ጨርቅ አጠለልኩ፣ አጠራሁ፣
ቁንጥር ፎስፌት ጣልኩ፣ ቁንጥር የኮባልት ጨው፤
ብርጭቆው ያፈረ መሰለ፣ ጉንጩን ሮዝ አደረገው።

አባቴ ሸዋቀና ከጫጫ መጥቷል፤
ለዐይኑ፣ ሐኪም ዘንድ፣ በአምስት ሰዓት ቀጠሮ ይዟል፤
እስከዚያው በርኖሱን እንደ ደረበ
በርጩማ ስቦ ወደ ሽቦዎቼ ቀረበ።

አርባ ዓመት ሙሉ ባልና ሚስት ያፋታ ሰው ነው፤
ማሳውን በገመድ፣ እህሉን በቁና የለካው፣
የምትታለበውን ለእሷ፣ በሬውን ለእሱ ብሎ፣
የድስት ክዳን ሳይቀር ለሁለት ቤት ከፍሎ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»
በእሱ ቋንቋ መለስኩለት፦
«ውሃ ጋብቻ ነው አባዬ፣ ሰማንያ የታሰረበት፤
ብታፈላው ተን ሆኖ ይሸሻል እንጂ አይፋታም፤
ክዳን ላይ ሲቀዘቅዝ ያው ውሃ ነው፤ አይካካድም።
እኔ ላፋታው ነው።»
«ዳኛውስ?»
«መብራት ነው።
ግን ብቻውን ሲሟገት ጉልበቱ በከንቱ ያልቃል፣
ደፉ ከፍ ይልበታል፤ ሽማግሌ ይፈልጋል፣
ደፉን ዝቅ የሚያደርግ። ስሙ ኮባልት ይባላል።»

ሽቦውን አገናኘሁ።
በመስታወቱ ገላ ላይ እንደ ኩራዝ ጥቀርሻ
ስስ ጥቁር ልባስ ወጣ፤
ማንም አልቀባው፤ ከሮዙ ውሃ ውስጥ ራሱ ነው የመጣ።
ከዚያ አረፋ። መጀመሪያ አንድ ፍሬ ጤፍ፣
ቀጥሎ ሦስት፣ አሥር፣ ቀጥሎ እልፍ።
ከዚህ ጫፍ ኦክስጅን፣ ከዚያ ጫፍ ሃይድሮጅን፣ ወደየቱቦው ነጎደ፣
አንደኛው ቱቦ እጥፍ ሞላ፤ አባቴ አከፋፈሉን አልወደደ።

«አድልተሻል።»
«አላዳላሁም። ሁለት ይዞ የገባ ሁለት ይዞ ይወጣል።»
ዝም አለ። ፍርዱ ገብቶት ይሁን እንጃ፣ ጺሙን ያሻሻል።

«ሽማግሌውስ ምን ይበላል?»
«ምንም።»
«ዋሸሽ። እኔ እንኳ ማድጋ ጠላ፣ የበግ ወርች ሳልቀምስ
ተነሥቼ አላውቅም።»
«ይደክማል እንጂ አይበላም። ሲሠራ ከገላው ይላጣል፣
የተላጠው ግን ሩቅ አይሄድም፤ እዚያው ውሃው ውስጥ ይሟሟል፤
መብራቱ እስካለ ድረስ ተመልሶ ቁስሉን ይደፍናል።»

«ከየት ነው የመጣ?»
«ከኮንጎ። ከፕላቲነም ይረክሳል።»
«ማን ቆፈረው?»
ጠርሙሱን አገላበጥኩት። ክብደቱ ነው የተጻፈበት እንጅ
የማንም ስም የለበት፣ የማንም እጅ።
ምንም አይበላም ያልኩት ቃል አፌ ላይ ቀዘቀዘ።

«መብራት ሲጠፋስ?» አለኝ፤
ከአፉ ሳይወጣ ጠፋ።
አረፋው ቀጥ አለ። ጥቁሩ ልባስም ቀስ እያለ ሳሳ፣
ሸንጎ ሲበተን በርኖሱን አራግፎ
ሽማግሌ እንደሚነሣ።
ጣራ ላይ ካለችው፣ ጥጓ ከተሰነጠቀው የፀሐይ ሰሌዳ
ገመድ ስቤ ሰካሁ፤
የጥር ፀሐይ አትሞቅም፤ ታበራለች ግን፤
የጤፍ ፍሬዬን እንደገና አየሁ።

«እና ተፋቱ። ለማን ይበጃል?»
«ይኼኛው ለታመመ ሳንባ ትንፋሽ ይሆናል።
ያኛው ይጠራቀማል፤ ማታ፣ ፀሐይ ስትገባ፣
ያለ ጭስ ይነድዳል።
ሲነድድ ደግሞ ከዚህኛው ጋር ይገናኝና
ያው ውሃ ይሆናል።»

«ይታረቃሉ?»
ዐይኑን ከብርጭቆው አላነሣም።
«ይታረቃሉ» አልኩ፤ «ለመለያየት የወሰዱትን
ሙቀት አድርገው መልሰው።»

ከእናቴ ጋር ከተለያዩ አሥራ ሰባት ዓመት ሆናቸው፤
እሷ መንዲዳ፣ እሱ ጫጫ። ያን ጊዜ ሽማግሌ አልጠራም፤
«እኔ እያለሁ ማን ያካፍላል?» ብሎ
ራሱ አካፈለ። በአንድ ከሰዓት ጨረሰ። አላዳላም።

አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። በርኖሱን አራገፈ፤ ተነሣ፤
በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ዕቃ እንደረሳ።

«ድስቱ እኔ ዘንድ ነው» አለ፤
«ክዳኑ መንዲዳ ነው።»