እርጥበት ፈሪዋ

ቤርሳቤህ፣ ምድር ቤት፣ በር ቁጥር ዐሥራ ሰባት፤
ፀሐይ የማይገባበት፣ ፀሐይ የሚጠናበት።
እኔ መዝጋቢዋ ነኝ፤ ነጭ ካፖርት፣ ሰማያዊ ጓንት፣
በደብተሬ ቀን፣ ሰዓት፣ የክፍሉ ሙቀት፣ የአየሩ እርጥበት።

ጥፍር በምታህል መስታወት ላይ
አንዲት ጠብታ ቀለም ትፈሳለች፣ ትሾራለች፣
ምድጃው ላይ ስትሞቅ ትጠቁራለች።
ቀጥሎ ወርቅ፣ አየር በሌለበት ጋን ውስጥ ተንኖ፣
ያርፍባታል እንደ ጤዛ ሆኖ።
በመጨረሻ ጠርዟ በሰም ይታሸጋል።
ይህችን ታህላለች፣
አንድ ቀን የሰፈሩን ጣራ ለብሳ
መብራት ትሰጣለች ያልናት።

«ሰምና ወርቅ!» ብዬ ብቻዬን ስስቅ
ዶክተር ኖጋ ዞረች፣ ምን እንዳሳቀኝ ለማወቅ።
በዕብራይስጥ እንዴት ብዬ ላስረዳት?
«የአባቴ ቋንቋ ቅኔ ነው» አልኳት፣ «ላዩ ሰም፣ ውስጡ ወርቅ።»
«የእኛ ወርቅ እኮ ከላይ ነው» አለች፤
ወደ ማጉያ መነጽሯ ተመለሰች።

አንደኛዋ ሦስት ቀን ኖረች።
ዐሥረኛዋ በአንድ ሌሊት ቢጫ ሆና አደረች።
ሃያ ሦስተኛዋ ከግሪሻ መቆንጠጫ አመለጠች፤
እሱም በሩስኛ ተሳደበ፣ በዕብራይስጥ ይቅርታ ጠየቀ፣
ከእኛ ይሁን ከመስታወቷ እንጃ።
የሁሉም ገዳይ አንድ ነው፤ እርጥበት።
በዚህ ደረቅ አገር! ከኔጌቭ የሚነሳው ነፋስ
የሰው ከንፈር በሚሰነጥቅበት፣
በየት ሾልኮ እንደሚገባ ያልታወቀ እርጥበት።

ከመንገዱ ማዶ፣ አራተኛ ፎቅ፣ አባቴ ይስማው ተኝቷል።
ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የድንጋይ ወፍጮ አገልግሏል፤
ወፍጮው ቆመ፣ አቧራው ግን ሳንባው ውስጥ ይፈጫል።
ነርሷ በየሰዓቱ መጥታ ትንፋሹን ትቆጥራለች፤
አንድ ደቂቃ። ትጽፋለች። ትሄዳለች።
የቀረውን ሃምሳ ዘጠኝ ማን ቆጠረው?
እኔ ስኖር፣ እኔ። ሳልኖር፣ ግድግዳው።

የአርባ አንደኛዋ ዕለት
ገንዘብ ሰጪዎቹ «እስከ ወሩ መጨረሻ» ብለው የጻፉት ወረቀት
በሩ ላይ ተለጥፎ ዋለ።
የናሙናዋ ሰም አንዱ ጥግ ላይ ሳስቶ አየሁና
ጎንበስ አልኩ፤ የአፍ መሸፈኛዬ አገጬ ላይ ወርዶ ነበር።
«ኡፍፍ...»
የደከመው ሰው ኡፍታ፣ ሌላ ምንም አይደለም።
ስክሪኑ ላይ መስመሯ ወደቀች።
ቆየችና ተነሳች።
ደገምኩ። ወደቀች። ተነሳች።
ሱሄር፣ የራሃቷ ተማሪ፣ ወንበሯን ገፍታ መጣች፤
«አትተንፍሺ!» ቀጥ አለች።
«ተንፍሺ!» ወደቀች።
አራታችንም ዝም። የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ብቻ።
አርባ ጊዜ የረገምነው ድክመቷ
ለካ ጆሮዋ ኖሯል።

«ዛሬ ማታ አባቴ ደረት ላይ...» ብዬ ስጀምር
ኖጋ አላስጨረሰችኝም።
«መጀመሪያ አይጥ፣ ከዚያ ኮሚቴ፣ ከዚያ ፊርማ፤
ምናልባት ሁለት ዓመት።» ዓይኗ ግን ቀልቶ ነበር።
እውነቷን ነው።
እውነት መሆኑ አላቀለለውም።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት፤
ፀሐይ እየመገብን ያሳደግናት
በትንፋሽ ደንግጣ አፏን እንደፈታች።
የኦክስጅን ጭምብሉን ገለጥ አድርጎ
«የፈሪ እናት አታለቅስም» አለኝ።
ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ረዘመ።
ደብተሬን አወጣሁ፣ በኅዳጉ መቁጠር ጀመርኩ፤
ሃያ ስምንት። ሃያ ስድስት። ሠላሳ አንድ።
ሃያ ስድስት።
እስኪነጋ።

ጠዋት፣ በር ቁጥር ዐሥራ ሰባት፣ በአዲስ ገጽ፦
ናሙና አርባ ሁለት።
ወርቅ፦ እንደ ቀድሞው።
ሰም፦ የለም። ሆን ተብሎ።