ቅዳሜና እሁድ ለሱዝዳል

አሳው ገና አልተጠበሰም፥ ሾላው ሥር ተቀምጠናል፤
የመብራት ደረሰኝ ገለበጥኩ፥ ጀርባው ንጹሕ ነው፥ ይበቃናል።
«ዓርብ ማታ» ብዬ ጻፍኩ፥ ከሥሩም መስመር ጎተትኩ፤
ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ቶርኖ ላይ ስለቆምኩ
እጄ ዛሬም ቀጥ ያለ ነገር ይወዳል።

ስመኝ ልጄ ሞስኮ ልትሄድ ነው፥ ሦስት ሳምንት ለሥልጠና፤
ስለ ውኃ፥ ስለ እምቦጭ፥ ስለታመመችው ጣና።
ከሦስቱ ሳምንት መሐል አንድ ቅዳሜና እሁድ ባዶ አላት፤
«አባዬ፥ የት ልሂድ?» አለች።
አርባ ዓመት ተዘጋጅቼ የጠበቅኳት ጥያቄ ናት።

ሱዝዳል።
እኔ ኢቫኖቮ ነበርኩ፥ የፈትልና የሽመና ትምህርት ቤት፤
ሱዝዳል ቢርቅ ቢርቅ፥ ከዚህ እስከ ዳንግላ ያለ ርቀት።
ግን የውጭ አገር ተማሪ ከከተማ ሊወጣ ፈቃድ ያሻዋል፤
እኔና ልጅዓለም ማክሰኞ ጠየቅን፥ «ረቡዕ» አሉን፤
ረቡዕ «ሐሙስ»፤ ሐሙስ «ማኅተም ያዡ ታሟል»።
ዓርብ ማታ ዳቦና ቋሊማ በጋዜጣ ጠቅልለን፥
ካልሲ በካልሲ ደርበን፥ አልጋ ላይ ቁጭ ብለን አደርን።
ፈቃዱ ሰኞ መጣ።
«ላለፈው ቅዳሜና እሁድ ብቻ»፥ ማኅተሙ እንደ በርበሬ ደምቆ፤
ልጅዓለም ሳቀ፥ ሳቀ፥ ሳቁ በሳል ታንቆ።
«የሚመጣው ሳምንት» እያልን ሁለት ክረምት ሄደ።
ወረቀቱን ልጅዓለም ነበር የያዘው፤
እሱም አብሮት ሄደ።

እንግዲህ ጻፊ። አይ፥ እኔው ልጻፍ።
ዓርብ፦ ባቡር እስከ ቭላዲሚር፤ መስኮቱን ጥግ ያዢ።
ከዚያ አውቶቡስ፤ ዝርዝር ይኑርሽ፥ ድፍን ብር አትምዘዢ።
ቅዳሜ በማለዳ ወንዙ ዳር ውረጂ፤ ካሜንካ ነው ስሙ፥ ጠባብ ነው፤
ለዓባይ ልጅ ወንዝ ብሎ መጥራቱ ያስቃል፥ ቢሆንም ሰላም በይው።
የእንጨት ቤቶች አሉ፥ የመስኮታቸው ክፈፍ
እንደ ቀሚስ ጥለት የተጠለፈ።
አሮጊቶች ኪያር ይሸጣሉ፥ በጨው የተዘፈዘፈ፤
ከባልዲው ሥር ያለውን ጠይቂ፥ ከላይ ያለውን አትቀበዪ።

«አባዬ፥ አይተኸዋል?»
«በፖስት ካርድ።»

ስመኝ ስልኳን በጣቷ እየጠረገች
«አሁን ፈጣን ባቡር አለ፥ ትኬቱም እዚሁ ይቆረጣል» አለች።
አሳው መጣ፤ ቆሮሶ፥ ጭራው ከሳህኑ ወጥቶ፥ ዳጣው ከጎኑ፤
ደረሰኙ ላይ ዘይት ጠብ አለ፥ ከቅዳሜ ከሰዓት ላይ፥ ከመሐል ቀኑ።
«እዚህ ጋ ምን ልሥራ? ዘይቱ ላይ?»
«ዝም ብለሽ ሂጂ።»

«ገዳም አለ?»
«አለ። ነጭ ግንብ፥ ሰማያዊ ጉልላት።»
«ሴት ያስገባሉ?»

ቀና አልኩ። ክብራን ገብርኤል ከፊታችን
ዛፉን ተከናንቦ ውኃው ላይ ቁጢጥ ብሏል።
ስምንት ዓመቷ ነበር። እኔ ገብቼ ተሳለምኩ፤
እሷ ጀልባው ላይ ቀረች፥ ከቀዛፊው ጋር፥
ደንገል እየቆጠረች።
«ውስጡ ምን አለ?» አለችኝ ስወጣ።
«ምንም፥ ጨለማና አሮጌ መጽሐፍ» አልኳት፥
እንዳይቆጫት።
ወርቁን አልነገርኳት፥ ቀዩን ቀለም አልነገርኳት፤
ከግድግዳው ቁልቁል የሚያዩትን ዓይኖች
አንዳቸውንም አልነገርኳት።

«ያስገባሉ» አልኩ። «የሴቶች ገዳምም አለ። ግቢ።
ስትመለሺ ውስጡን ንገሪኝ፤
እንዳይቆጨው ብለሽ ግን አትደብቂ።»

«እሁድ» ከሚለው ሥር ምንም አልጻፍኩም።
ደረሰኙን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤
የመብራቱን ሒሳብ አለመክፈሌን
በማግስቱ ነው ያስታወስኩ።

ጥቅምት ሲጋመስ አውሮፕላኑ ሐይቁን አንዴ ዞረ፥
ወደ ደቡብ አቀና፥ ድምፁም ቀረ።
እኔ ስመኝ ቀረሁ፤
ስመኝ ሄደች።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ወደቡ ላይ፥ ከታሰረች ጀልባ ላይ ተቀምጫለሁ፥
ደንገል እየቆጠርኩ።