እርማት

ቫልፓራይሶ ላይ፣ ከወደቡ አፋፍ፣
ሽቅብ የሚጎተት ባቡር በሚነሣበት፣
ኤዴልሚራ ሩቢላር ኪዮስክ ነበራት፣
ቆርቆሮውን ሁሉ ጨው የበላበት።

ጋዜጣው የዘወትር፣ ድንጋይ ተጭኖበት፣
የባሕሩ ነፋስ አንብቦ እንዳይሄድበት።
መጽሔቱ የክት ነው፣ ሽቦ ላይ ተሰቅሎ፣
በልብስ መቆንጠጫ ከጥግ ተንጠልጥሎ።

እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፤ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ፣
መኪና የጣለውን ጥቅል በቢላ ፈትቼ፣
"ምንድን ነው ልዩነቱ?" ብዬ ጠየቅኋት፤
እሷ እቴ! ለወሬ ጊዜ የት አላት።
ሳንቲሟን ቆጥራ፣ ዓይኗን ሳትነቅል፦
"ጋዜጣ ትኩስ ዓሣ፤ ካልሸጥኩት ይገማል።
መጽሔት የጨው ዓሣ፤ ወር ሙሉ ይቆያል።"

ዓሣ ሻጩ ደግሞ፣ ዶን ኢላሪዮ፣
የትናንቱን ዜና በኪሎ እየገዛ፣
የሚኒስትር ንግግር፣ የኳስ ጨዋታ ውጤት፣
ለሰርዲን ልብስ ሆኖ፣ በዘይት የወዛ።

ፀጉር ቤት ያላት ኦቲሊያ ግን
መጽሔት ትገዛለች በወሩ መባቻ፤
ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከማድረቂያው ሥር
ይገለጣል ያው ገጽ፣ የልዕልቷ ጋብቻ።
ልዕልቷ ወልዳለች፣ ተፋታለች፣ ሌላም አግብታለች፤
እዚያ ግን ሙሽራ ናት፣ አበባ ይዛ ብቻ።

የጋዜጣ ቀለም ጣት ላይ ይቀራል፤
ስትታጠብ እንኳ ሳሙናው ይጠቁራል።
መጽሔት አይነካካም፤ ያንጸባርቅና
የራስህን ፊት ለራስህ ያሳያል።

በነሐሴ፣ የዚያ አገር ክረምት በጠናበት፣
ጎሎንድሪና ጀልባ ሄዳ ሳትመለስ፣
ሰባት ስም ወጣ፣ ሦስተኛው ገጽ ግርጌ፣
በጎማ ማስታወቂያና በድንች ዋጋ መሃል፣ እንዲያው ሳይለቀስ።
አምስተኛው ስም ላይ ፊደል ለቃሚው ቸኩሎ
"ሞ"ን በ"ቶ" ለወጠ፤
የኤዴልሚራም ልብ፣ ወንበር እንዳገኘ እንግዳ፣
እዚያች ፊደል ላይ ተቀመጠ።
"ይሄ ኤራስቶ ነው፤ የኔ ወንድም ኤራስሞ ነው" አለች።
ቀኑን ሙሉ ሸጠች።
መልስ እየመለሰች፣ ሳንቲም እየቆጠረች፣
የወንድሟን ሞት ለመንገደኛው ሁሉ አከፋፈለች።

በማግስቱ ጥቅሉን ስፈታ
አየሁት፣ ከጥግ፣ ከአውራ ጣት ያነሰ፦
"እርማት። በትናንቱ እትም ኤራስቶ የተባለው
ኤራስሞ ተብሎ ይነበብ።"
ከድንጋዩ ሥር ልሸሽገው ስል እጇ ቀድሞ ደረሰ።
ጋዜጣው እርማቱን በአንድ መስመር አወጣ፤
እሷም መዝጊያውን ስባ እርሟን አወጣች፣
ድምፅዋ እስኪታጣ።

መጽሔቱ የመጣው በጥቅምት ማለቂያ፣
ስምንት ገጽ፣ ባለ ቀለም፣ ሽቱ ሽቱ የሚል ወረቀት።
ፎቶ አንሺው ብርሃን ሲጠብቅ
ሦስት ቀን አለት ላይ ተቀምጧል፤
ጸሐፊው ባሕሩን እንደ ሰው አናግሮታል።
እንዴት ያምር ነበር! አነባሁ፣ ሐሰት የለበት።
"ሰባት ዓሣ አጥማጆች" ይላል እንጂ ግን
ስም የለም፤ አንድም ስም የለበት።

ገጽ በገጽ አገላበጠች፣ ጣቷን እያረጠበች፤
መልሳ ሽቦው ላይ ቆነጠጠችው።
ቆየት ብላ፣
"ባሕሩን አወቅሁት፤ ልጁን ግን አላየሁት" አለች።

ኪዮስኳ ዛሬ የኔ ናት። መሳቢያው ውስጥ
የተነጠፈው የመጽሔት ባሕር አሁንም አልደበዘዘ፤
በላዩ ያች ብጣሽ፣ በመቀስ የተቆረጠች፣
እንደ ሻይ የቀላች፣ ፊደሏ የፈዘዘ።
መሳቢያውን በሳብኩ ቁጥር ትንቀሳቀሳለች፤
እስካሁን አልሰጠመች።

ሰው መጣ። ዘጋሁት።
"የዛሬውን?" አልኩ፤ ድንጋዩን አነሣሁት።