የቃለ ጉባኤ ያዧ ቃል

መጥሪያው ረቡዕ ደረሰ፣ ከሻይ ሰዓት ቀድሞ፣
ያመጣው ፖሊስ ላቡን ጠረገ፣ በሩ ላይ ቆሞ።
«ኢፍቱ አብዲ ሮባ፣ የምክር ቤት ጸሐፊ፣
ለወንጀል ችሎት ምስክር፤» ከግርጌው ፊርማ ሰፊ።
ሳቅኩ።
አስራ ዘጠኝ ዓመት፣ የሰው ቃል ስለቅም፣
«አሉ» ነው የምጽፈው፤ «አልኩ» ብዬ አላውቅም።
«ክቡር እገሌ አሳሰቡ፤ ክብርት እገሊት ደገፉ፤
ሙቀቱ ስለበረታ፣ አባላት ለሻይ አረፉ።»
በዚያ ሁሉ መዝገብ ውስጥ እኔ የለሁም፤
እጄ ብቻ አለች።

ነገሩ የፓምፕ ነው።
ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ፣ አሸዋ ታቅፎ ተኝቶ፣
አንድ ሌሊት ይነሣል፣ የሐረርጌን ሰማይ ጠጥቶ፤
በዚያ ፍርሃት ጉባኤው፣ ውሃ መሳቢያ ይገዛ አለ፤
«ስንት?» ቢባል፣ «አራት» ተባለ።
«አራት» ብዬ ጻፍኩ፣ በፊደል።
ከወር በኋላ ያው ገጽ፣ «አስራ አራት» ሆኖ አገኘሁት፤
ፊደል እንደ ልጅ ነው፤ የኔ አለመሆኑን ለየሁት፤
የኔ «ራ» አንገቷን ትሰብራለች፣
ይህቺ ደረቷን ነፍታለች።
ሳቢያን ካለው መጋዘን፣ ጠባቂው ሮብሌ ዋይስ
ቢቆጥር ቢቆጥር አራት፤
አስሩ የት ወረዱ? በየትኛው ጎርፍ፣ በየት?

ተከሳሹ የበጀት ሰብሳቢው፣ አቶ ፍሬሰንበት፣
ልጄን ወባ ሲጥለው፣ በሌሊት በር ያንኳኳሁበት፤
ድል ጮራ ያደረሰን፣ በራሱ መኪና፣
ፒጃማውን እንኳ ሳይቀይር።
ይህ መዝገብ ላይ የለም።

ደንቡ ደግሞ አለ፤ እኔው ነኝ በእጄ የገለበጥኩት፦
«በአዳራሹ የተሰማ፣ ካዳራሹ አይወጣም፤
ሠራተኛ ሳይፈቀድለት፣ ለምስክርነት አይመጣም።»
አፌ የመንግሥት ንብረት ሆነና፣ ሊከፈት ስብሰባ ተጠራ፤
ቃለ ጉባኤውን ማን ይያዝ? እኔው ነኛ፤
ማን አለ በዚህ ደመወዝ የሚሠራ!

መብራት ሄደ። ጣሪያው ላይ ማራገቢያው ዞሮ ዞሮ ቆመ።
«ዛሬ ፓምፕ ካለች፣ ነገ ምን ልትል ነው?»
አሉ አንዱ ክቡር፣ ወደ ሞተው ማይክሮፎን እየቀረቡ።
«አቦ ተዋት ትናገር! ጣሪያ ሲያፈስ ዝናቡን ነው የምንደብቀው?»
አሉ ክብርት ሩመይሳ፣ በካርቶን እያራገቡ።
«ይህቺ ሠራተኛ» ሲሉ፣ «ይህቺ ሠራተኛ» ብዬ ጻፍኩ፤
ብዕር ወገን የለውም ይላሉ፤ ወረቀቱን ግን በላቤ አራስኩ።
እጅ ይውጣ ተባለ።
ሠላሳ አንድ ደገፉ፤ ዘጠኝ ተቃወሙ፤ አራት ድምፀ ተአቅቦ።
«አራት» ብዬ ጻፍኩ፣ በፊደል፣
ከፊቱ ቦታ ሳልተው፣ ከመስመሩ ጥግ አስጠግቼ፤
ከታች ፈረምኩበት፣ አፌን በእጄ ከፍቼ።

ሰኞ ማታ አፈተ ኢሳ፣ ጎረቤቴ ነጂማ በአጥር ጠርታ፣
«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለችኝ፣ ግራ ቀኙን ፈርታ።
«ዝንብስ አይገባም፤ ደቻቱ ግን ይገባል» ብዬ መለስኩላት።
ዝም አለች። ቤቷ ከወንዙ አርባ እርምጃ ነው።

ማክሰኞ ችሎት ቆምኩ። ቁርኣን ላይ ማልኩ።
አቶ ፍሬሰንበት አየኝ፤ አንገቱን ሰብሯል፣ ልክ እንደኔ «ራ»፤
ያ ሌሊት መጣብኝ፤ የልጄ ትኩሳት፣
የመኪናው መብራት ባዶውን ጎዳና ሲያበራ።
ቢጠይቁኝ እሱንም እናገር ነበር።
አልጠየቁኝም።
«ስንት ነበር የጻፉት?» አለ ዓቃቤ ሕጉ።
ከዳኛው ግርጌ አንዲት ልጅ እግር ጸሐፊ፣
ጣቷ ቀለም ጠጥቶ፣ ከቃል ኋላ ስትሮጥ አየኋት፤
የቸኮለ ተናጋሪ እንዴት እንደሚያደክም፣
ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል እኔ ነኝ የማውቅላት።
«አራት» አልኩ።
ቆየሁላት።
«በፊደል» አልኩ።
ብዕሯ እምቢ አላት፤ አራገፈችው፤ ደግማ ሞከረች።
ጠበቅኋት።